ባህር ላይ የተጻፈ ልክ

ሲመጡ ኮሌታ እየተኮስኩ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ ረፋዱ ላይ። ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ በሩ ላይ ቆመ፤ አንዱ የስፌት መኪናዬን ፔዳል በጫማው ረገጥ ረገጥ ያደርጋል፤ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደና ምስማር ላይ ከሰቀልኳቸው ወረቀቶች አንዱን አወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ኮሌታ» አልኩት።

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጎ አየው። ከዚያ ለጓደኞቹ ከፍ አድርጎ አሳያቸውና «ካርታ ነው» አለ፤ ሌባ የያዘ ሰው ይመስል።

ካውያዬን ከነፍሙ መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ። ከሰሉን ላጥፋ ብላቸው አልሰሙኝም። የሰው ልብስ በዙሪያው ተከምሯል፤ ቢያያዝስ? እኔን ማሰሩ ይሁን፣ የሰው ልብስ ምን አደረገ? ያን ቀን መጀመሪያ የተናደድኩት በዚህ ነው። ገና ከዚህ የባሰ እንዳለ አላወቅኩም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እዚህ መቱ ሱቄ ውስጥ ስሰፋ ፀጉሬ ሸብቷል። ልብስ ሰፊ ደግሞ ቅድ ያስፈልገዋል፤ ቅድ ማለት ጨርቁ ላይ ተነጥፎ ዙሪያው በሳሙና የሚሰመርበት ወረቀት ነው። ሌላው ሰው በሲሚንቶ ከረጢት ይቆርጣል፣ በአሮጌ ካላንደር ይቆርጣል። እኔ አትላስ አገኘሁ። ትምህርት ቤቱ አዲስ መጽሐፍ መጥቶለት አሮጌውን ሲያወጣ አንዲት ኦቾሎኒ ሻጭ እጅ ገብቶ ነበር። ለመጠቅለያ ልትገነጥለው ስትል ደረስኩና አንድ እቅፍ ጋዜጣ ሰጥቻት ተለዋወጥን። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ የመቱን ዝናብ እንኳ የሚችል። አፍሪካ ለኮሌታ ሆነች። አውሮፓን ኪስ አደረግኳት። እጅጌ ረጅም ወረቀት ስለሚፈልግ ባህር የበዛበትን ገጽ ለሱ ቆረጥኩ።

የደንበኛ ልክ የምጽፈውም ባህሩ ላይ ነበር። መሬቱ በጽሑፍ የታጨቀ ነው፤ ባህሩ ግን ባዶ ነው፤ እርሳስ ያወጣል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ሳላዳርስ የቡና ለቀማ ደረሰና አቋረጥኩት። ቁጥር ግን አያቅተኝም። ስለዚህ የሰው ስም አልጽፍም፤ ምልክት አደርግለታለሁ። ለቄሱ ጥላ፣ ለሻይ ቤቷ ባለቤት ማንቆርቆሪያ፣ ለአንድ የዳሪሙ መምህር ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ።

በነዚህ ወረቀቶች ነው የታሰርኩት። ጊዜው ሰው ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ጫካ የገቡ ልጆች አሉ ይባላል፤ ከተማ ያለው ደግሞ ሁሉ የነሱ ዘመድ ነው። አንድ ሽማግሌ ግድግዳው ላይ የተቆራረጠ ካርታ ሰቅሎ፣ በላዩ ቁጥርና ምልክት ጽፎ ሲገኝ ምን ያስቡ? አሳቢ ቢሆኑ ኖሮ ይጠይቁ ነበር።

ስሟን ወደማልጠራት አንዲት ከተማ ወሰዱኝ። እስር ቤቱ የድሮ የቡና መጋዘን ነው። በሩን ከፍተው ሲገፉኝ በመጀመሪያ ያገኘኝ የጀንፈል ሽታ ነው፤ ደረቅ ቡና ከነገለባው ለዓመታት የተከመረበት ሽታ፤ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የቀረ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮት የለም፤ ከጣሪያው ሥር ጡብ የጎደለባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሦስት ሰዎች አየሁ። አንዱን አወቅኩት፤ መቱ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ገበርና ክር የምገዛበት ሐጂ ነው። ሌላው ከጎሬ መቱ ሚኒባስ የሚነዳ ሾፌር፣ ሦስተኛው ከጤና ጣቢያ የመጣ ወጣት ነርስ ነው።

ሐጂ ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ። «አንተንም? አንተ ደግሞ ምን አደረግክ ወንድሜ?»

«አትላስ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና የኔ ሱቅ አጥላስ ሞልቶታል፣ ለሙሽራ ቀሚስ፣ ለብርድ ልብስ ልባስ ስሸጠው ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ ለዚያ እስካሁን ያሰረኝ የለም አለ። ሾፌሩ ከጥጉ ሆኖ እኔ የማውቀው አትላስ አዲስ አበባ ነው፤ ከቦሌ በላይ፣ ታክሲ ስነዳ ረዳቴ «አትላስ፣ አትላስ» እያለ የሚጠራበት አለ። ነርሱ ደግሞ እጁን ወደ ማጅራቱ ላከና፣ ለኛ አትላስ ይቺ ናት፣ የአንገት የመጀመሪያዋ አጥንት፤ ጭንቅላትን የምትሸከም አለን። ሐጂ እንግዲያው የሁላችንም አትላስ ታስሯል ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የኔ አትላስ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረግኩበት ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ እነሱም ሳቃቸውን ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው «ጃርሳ፣ ከኢ» ብሎ አስነሣኝ። ሽማግሌ፣ ተነሥ ማለቱ ነው። መርማሪው ልጅ እግር ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ያክላል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ኮሌታው ግን በግራ በኩል ተንጋድዷል፤ የሰፋለት ሰው ገበሩን አሳጥሮበታል። ይህን ያየሁት ወድጄ አይደለም፤ የዓይኔ ሥራ ነው።

«አንተ» አለኝ። ስለዚህ እኔም አንተ አልኩት። አባቱን የሚያህል ሰው አንተ የሚል ልጅ እርስዎ አይባልም። ይህን ልማዴን በዱላም አልተውኩትም።

ከቅዶቹ አንዱን አንሥቶ መስኮቱ ላይ ዘረጋው። አገራችን ያለችበት ገጽ ነው። ብርሃን በትንንሽ ቀዳዳዎች ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ ነጥብ ነጥብ ብሎ ታየ። ቀዳዳው ምንድን ነው አለኝ። የስፒል ነው፤ ቅዱ እንዳይንሸራተት ጨርቁ ላይ በስፒል ይያዛል አልኩት። በጣቱ ከመቱ ጀምሮ ለካ። ኡካ የምትባል የአካባቢያችን ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟ ካርታው ላይ የለም፤ እሱ ግን አንዲቷ ቀዳዳ ላይ ቆመ።

«ይሄ ኡካ ነው። ስፒሉ ለምን ኡካ ላይ ተወጋ?»

«ኮሌታው የሚታጠፈው እዚያ ጋ ስለሆነ።»

በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሊስቅ ሲል አፉን ያዘ። መርማሪው አልሳቀም። ሁለተኛውን ወረቀት አነሣ፤ የእጅጌውን፤ ባህሩ ላይ ሰሌዳ የተሳለበትን። ሰሌዳውን ካምፕ ነው ብሎ ደምድሟል። ከሰሌዳው በታች በግራና በቀኝ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አነበበ።

«ሃምሳ ስምንት። ስልሳ ሁለት። ከየት እስከ የት ነው? ከመቱ ዳሪሙ ነው?»

እጅጌ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ገጠምኩት።

ይህን ላስረዳ። ጤነኛ ሰው ሁለት እጁ እኩል ነው፤ እኔም አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምጽፈው። የዚያ መምህር ግን የግራ ክንዱ ያጥራል። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወድቋል፤ አጥንቱ ሳይስተካከል ጠገገ። ዳሪሙ ውስጥ የግራ ክንዱ ያጠረ መምህር አንድ ነው፤ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ሠርጉ ተቃርቦ ነበር፤ ኮቱን የምሰፋለት ለዚያ ነው። በዚያ ወር ደግሞ መምህራን ተራ በተራ ይለቀማሉ። ካርታው ላይ ያለው ልክ የሱ ነው ተብሎ ስሙ ቢነሣ ያን ቀን ይወሰዳል። ያደረገው ነገር የለም። ቢያደርግም አልነግራቸውም ነበር።

እንግዲህ እዩት። እኔን የምታስፈታኝ አንዲት እውነት ናት፤ ይሄ ልብስ ነው የምትል። እሷን ካመኑኝ ግን ቁጥሩ የሰው ክንድ ይሆናል፤ ያ ሰውም ይታወቃል። እውነት ይዞ ዝም ማለት እንዲህ እንደሚመርር ያን ቀን አወቅኩ። አለማመኑ ጠቀመኝ። ደንቆሮነቱን አመሰገንኩት፤ ማመስገኔም አናደደኝ።

«ሂንቤኩ» አልኩት በኦሮምኛ። አላውቅም።

በአማርኛ ጠየቀኝ፤ በአማርኛ አላውቅም አልኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ቀኝ ጆሮዬ ለብዙ ቀን ጮኸ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ነርሱ ሸሚዙን ቀዶ ፊቴን ጠረገልኝ፤ እየጠረገም ተቆጣኝ። ጋሼ፣ ለምን አያሳዩዋቸውም አለ። ሸሚዝ አምጡ ብለው ቅዱን ኮሌታው ላይ ያስቀምጡት፤ በአንድ ደቂቃ ይገባቸዋል። ይገባቸዋላ፣ አልኩት። ከገባቸው ቁጥሩን ያነቡታል፤ ቁጥሩ ደግሞ ሰው ያስይዛል። ማንን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሐጂ ግን ያውቃል። ለዚያ ኮት ገበር የሚሆነውን አጥላስ መምህሩ ራሱ መጥቶ ከሱ ነው የገዛው፤ ሲዘረጋና ሲለካ እጁን አይቶታል። ቀና ብሎ አየኝና መቁጠሪያ ስለሌለው በጣቶቹ መቁጠሩን ቀጠለ።

ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ከሞቱት አንዱን ንገራቸው። ሙት አይታሰርም።»

አሰብኩበት። አልዋሽም፣ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ባለፈው ዓመት የቀበርነው አንድ ደንበኛዬ ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው። ልኩ የሱ ነው ብዬ ብናገር ማንን ይጎዳል? በኋላ ግን ልጆቹ ትዝ አሉኝ። እነዚህ ሰዎች አባቱን ሲያጡ ልጁን ነው የሚይዙት። ለሐጂ ይህን ነገርኩት። እውነትህን ነው አለና ፊቱን አዞረ። አፍሮ ይመስለኛል፤ የሚያሳፍር ነገር ግን አልተናገረም። የሚያሳፍረው ሁለት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው የሚያስይዙትን ሙት እንዲመርጡ ያደረገው ነው።

ባለቤቴ በሳምንት አንድ ቀን ስንቅ ይዛ ከመቱ ትመጣለች። አታገኘኝም፤ በጠባቂው በኩል ነው የምትልከው። አንድ ቀን ከምግቡ ጋር ሱቁን አሸጉት የሚል ቃል ላከችልኝ። የደንበኞቼን ልብስ ሁሉ ጭነው ወስደዋል። የሐዘን ልብሷን ልታስጠብብ ያመጣች አንዲት መበለት ነበረች፤ የሷንም። ለካርታው ይሁን እሺ፤ የመበለት ጥቁር ቀሚስ ምን ምስጢር አለው?

አንድ ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ያን ቀን አባባ አለኝ። ወንበር አቀረበልኝ። ሰው ሲያከብርህ ደስ ሊልህ ይገባል፤ እኔ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ጠረጴዛው ላይ ቅዶቹ ተዘርግተዋል፤ የእጅጌው ከላይ ነው። አጠገባቸው የተጻፈ ወረቀትና የጣት አሻራ ቀለም አለ። ትናንት ወረቀቶቹን ቤት ይዤ ሄጄ ነበር አለኝ። ባለቤቱ አይታ ሳቀችበት፤ እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ይሄማ የእጅጌ ቅድ ነው አለችው።

«እውነት ብለውኛል አባባ። አላመንኩዎትም። ይቅርታ።»

ዓይኔን ከእጅጌው ቅድ ላይ አላነሣሁም።

«ነገ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ይፈርሙ፤ ወረቀቱ የኔ ነው የሚል ነው፣ ሌላ የለበትም። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ አስጠርቻለሁ። እያንዳንዱ ልክ የምን እንደሆነ አንብቦ ይነግረኛል፤ ለመዝገብ ነው።»

ልብስ ሰፊ። ማንም ልብስ ሰፊ ያንን ቅድ አንድ ጊዜ ቢያየው በቃ። ሃምሳ ስምንቱ በግራ፣ ስልሳ ሁለቱ በቀኝ፣ ከላይ ሰሌዳ። የግራ ክንዱ ያጠረ መምህር ብሎ ያነበዋል፤ ክፋት ሳያስብ፣ የሙያ ጉራ ሆኖበት። ከሰዓት በኋላ ነው ያለው። ሰዓቱን አላውቀውም፤ ፀሐይዋ ግን ከመስኮቱ እግር ወደ ጠረጴዛው መሃል ደርሳለች።

ወረቀቱን አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ፤ እንዳለውም ነው፤ ሌላ የለበትም። እስክሪብቶ ልስጥዎት ወይስ በጣት አለኝ። በጣት አልኩት። ስሜን መጻፍ እችላለሁ፤ እሱ ግን አያውቅም። ቀለሙን ገፋልኝ። ጥቁር፣ ወፍራም ቀለም ነው። አውራ ጣቴን አጠቀስኩ፤ አልበቃኝምና መላልሼ ደፈቅኩት። መርማሪው የምፈርምበትን ቦታ በጥፍሩ ያሳየኛል፤ እዚህ ጋ አባባ፣ እዚህ ጋ።

ያነሣሁትን ጣቴን ባህሩ ላይ አሳረፍኩት።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ሸፈንኩት። ከዚያ በግራ ያለውን ቁጥር፣ ከዚያ በቀኝ ያለውን። ሳልቸኩል፤ ስፌት እንደምዳምጥ ጫን አድርጌ ሳብኩት። ቀለሙ ሰማያዊው ላይ ተለቀለቀ፤ በርሳስ የጻፍኩት ከሥሩ ጠፋ። ወደ ሌሎቹ ሄድኩ፤ ጥላውን አጠፋሁ፣ ማንቆርቆሪያውን አጠፋሁ። ይሄን ሁሉ ሳደርግ አላቆመኝም። ምን እንደማደርግ የገባው አይመስለኝም፤ ሽማግሌ እጁ የተንቀጠቀጠበት ነው የመሰለው። ሲገባው ተነሣ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ምንድን ነው ያደረግከው?» አለ። አባባው ቀረ።

«ፈረምኩልህ» አልኩት።

ቁጥሮቹን ሌላ ቦታ አልገለበጣቸውም ነበር። ቢያስታውሳቸውም ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም፤ የትኛው ግራ የትኛው ቀኝ እንደነበር፣ ከምን ምልክት ሥር እንደነበር ነው የሚናገረው። የተጠራው ልብስ ሰፊ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንደነበር ጠባቂው ነግሮኛል። ቅዶቹን አይቶ ምንም አይነበብም፣ ጥቁር ነው ብሎ ሄደ።

ነገ ትሄዳለህ የተባልኩት ሰውዬ ክረምቱን እዚያ አወጣሁት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌሊትና ቀን አይለይም። ሐጂ ከኔ በፊት ተፈታ፤ ነርሱ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ፤ ሾፌሩና እኔ ቀረን። አንድ ማለዳ በሩ ተከፈተና ሂድ አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ፣ ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። ቅዶቼን ስጡኝ ብላቸው ሳቁብኝ። የደንበኞቼ ልብስ የት ገባ ብላቸው አልሳቁም፤ በሩን ዘጉት።

መምህሩ በተዋሰው ኮት ተሞሸረ። ኮቱን ሳልሰፋለት ስለቀረሁ ቅር ብሎት ነበር፤ በኋላ መታሰሬን ሰምቶ ባለቤቱን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። በምን ምክንያት ታሰሩ ጋሼ ሲለኝ በአትላስ አልኩት፤ ሌላውን ዋጥኩት። ወጣት ነው፤ አዲስ ጎጆ ነው። በሰው ጫንቃ ላይ ውለታ መጫን አልፈለግኩም።

ሰዎች ይቅር በል ይሉኛል። ዘመኑ ነው ይላሉ። ዘመን እጅ የለውም፤ ጥፊ የሚመታው እጅ ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጥፊው አይደለም። ከዚያ በኋላ ልክ መጻፍ ፈራሁ። በመከራ የተማርኳትን ቁጥር ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ። ደንበኛ ሲመጣ እለካለሁ፣ በጭንቅላቴ እይዛለሁ፣ እረሳለሁ፤ የአንዱን ሱሪ አሳጥሬ የሌላውን አስረዝማለሁ። ደንበኛ ሸሸኝ። ሽማግሌው ደከመ አሉ። እኔ አልደከምኩም፤ ፈርቼ ነው። የሠላሳ ዓመት ሙያዬን በፍርሃት አስነጠቁኝ። ይህን ማን ይመልስልኛል?

ዘንድሮ መምህሩ ከዳሪሙ መጣ። ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ኮት ሊያሰፋ ነው። ሜትሩን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ ለምን አይጽፉትም ጋሼ፣ ያለፈው ጊዜ እጅጌውን እኩል አድርገውብኝ በእጥፋት ነው የምለብሰው አለኝ። ያን ጊዜ ነገርኩት። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ሁለቱ ቁጥሮች፣ ስለ ጣቴ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው የነገርኩት፤ ዓይኑን ማየት ስላልቻልኩ ከጀርባው ቆሜ።

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ከዚያ ዞረና የግራ እጁን ቀጥ አድርጎ ዘረጋልኝ።

«ይጻፉት» አለኝ። «ስሜንም ጭምር።»

ጻፍኩት። ሃምሳ ስምንቱ ቀላል ነበር። ስሙ ግን አስቸገረኝ፤ ሁለት ፊደል ጠፍቶኝ ጠየቅኩት፤ እንደ ተማሪው ቆጥሮኝ ታግሦ ነገረኝ። ፊደሎቹ ተንሻፈዋል። ይነበባሉ ግን። እዚህ ላይ ስሙን አላወጣሁትም፤ እሱ አውጣው ብሎኛል፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ሱቄ ውስጥ ግን አለ፤ ማንበብ የሚፈልግ ይምጣና ያንብብ።